አባቴ ይላሉ

ባሻ ኃይለመስቀል ድምፃቸው የተዘጋ ጊዜ ሐረር ውስጥ ስንቱ እፎይ እንዳለ እግዜር ይወቀው። በጠበቃነታቸው የሚፈሩ ሰው ነበሩ። "በላ ልበልህ!" ብለው ዘንጋቸውን ሲያነሡ ባላጋራቸው ገና ሳይጠየቅ ቃል ይጠፋበት ነበር። ያ ጉሮሮ በአንድ ክረምት ታመመና ከሹክሹክታ በቀር የማይወጣው ሆኖ ቀረ። አእምሯቸው ግን ምንም አልሆነም።

ልጃቸው ተናኘወርቅ ስንቃቸውን ይዛ ከችሎት ችሎት ስትከተላቸው ነው ያደገችው። ሌላዋ ልጅ እንዝርት ስትለምድ እሷ ሙግት ለመደች። አባቷ ድምፅ ሲያጡ ታዲያ "እኔ ልናገርላቸው" ብላ ዳኛው ግራዝማች ለገሠ ፊት ቀረበች።

ዘመኑን እንዳትረሱብኝ! ሴት የራሷን በደል ቆማ ብትናገር ከልካይ አልነበራትም። ለሌላ ሰው ጠበቃ ሆና መቆሟ ግን "ምነው፣ ወንድ ጠፋ እንዴ?" የሚያሰኝ ነገር ነበር። ግራዝማች ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩና አንድ ሥርዓት አበጁ። "ባሻ መጥተው ይቀመጡ። እሳቸው ሹክ የሚሉሽን አንቺ ጮኸሽ አሰሚን። ቃሉ የሳቸው ስለሆነ ግን በተናገርሽ ቁጥር አስቀድመሽ 'አባቴ ይላሉ' በይ" አሏት።

ከዚያ ወዲህ ተናኘወርቅ "አባቴ ይላሉ" ስትል ኖረች። ባሻ አንዲት ቃል ሹክ ሲሏት እሷ አሥር አድርጋ ትናገራለች፤ ይህን የሚያውቁት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። ስትረታ ሰዉ እሷን አልፎ ይሄድና የባሻን ጉልበት ይስማል። "ወይ ባሻ! ድምፅዎ ቢዘጋ ነገርዎ መች ተዘጋ!" ይላቸዋል። ቅር ይላት ነበር። ለማንም ግን አትተነፍስም፤ በአባት ይቀናል እንዴ?

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው የለተማርያም ነገር የመጣው።

ለተማርያም ባሏ ዘውዴ የሞተባት፣ ሐኪም ጋራ በሚባለው ተራራ ላይ ቤትና ትንሽ የቡና አትክልት ያላት ሴት ናት። የሟች ወንድም አባይነህ ገና ተዝካሩ ሳይወጣ መጣና "አንቺ የወንድሜ ገረድ እንጂ ሚስቱ አልነበርሽም። ጨርቅሽን ይዘሽ ውጪልኝ" አላት። ዓይኑን በጨው አጥቦ! በሰማንያ ነበር የተጋቡት። ምን ይሆናል፣ ከሰማንያው ምስክሮች አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ዘምቶ በዚያው ቀርቷል። ግራዝማችም ባለፈው ቀጠሮ "በሚቀጥለው ቀጠሮ የሰማንያ ምስክር ካላመጣሽ ቤቱን ለወንድምየው እፈርዳለሁ" ብለው ቆርጠው ነግረዋታል።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ባሻ በበቅሎ ቀደሙ፤ ሁለቱ ሴቶች በእግራቸው ከሐኪም ጋራ ወረዱ። ለተማርያም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ታማርራለች።

"ደግነቴ ነው የበላኝ፣ እቴ! ዘውዴ ዘመቻ ሳለ ይኸው አባይነህ ሰው ፈንክቶ እግር ብረት ገብቶ አልነበረም? ዋስ ሆኜ ያስፈታሁት እኔ አይደለሁም?"

ተናኘወርቅ ቆም አለች። "ማን ዳኛ ፊት?"

"እዚሁ ግራዝማች ፊት ነዋ!"

"ይሁን፣ ነይ" አለቻትና መንገዷን ቀጠለች።

ችሎቱ ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ ከሸዋ በር ወዲያ ካለች ሾላ ሥር ነው የሚያስችለው። ባሻ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ተናኘወርቅ አጠገባቸው ቆመች። የአባይነህ ጠበቃ እንደሻው ማዶ ቆሟል፤ ምላሱ የሚያቃጥል፣ ልቡ የሚቸኩል ሰው ነው።

የባሻ ተስፋ አንዲት ምስክር ነበረች፤ ጃሚላ። የጀጎል ሰው ናት። ስፌቷን እየሰፋች የምትሸጥ፣ ባሏ ሐኪም ጋራ አትክልት ስላለው እዚያ ከለተማርያም ጋር አጥር ለአጥር የኖረች ሴት። ቁርኣን ይዛ ማለች። እንደሻው ጠየቃት።

"ሰማንያ ሲማማሉ በጆሮሽ ሰምተሻል?"

ጃሚላ ለተማርያምን አየቻት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ወላሂ፣ ድግሱን አይቻለሁ። ሙሽራዋንም አይቻለሁ። ሲማማሉ ግን ቤት ውስጥ ነበሩ፣ አልሰማሁም። አላህን እፈራለሁ፣ ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም።"

እንደሻው ደስታው ጣራ ነካ። ነጠላውን ከትከሻው አወረደና "ድግስ ለገረድም ይደገሳል! በቅሎ እሰጥ! ሚስት ነበረች የሚል ወንድ ካለ አገባ ይበለኝ!" ብሎ ፎከረ። መቼም የችሎት ውርርድ እንዲህ ነው፤ አንዱ እሰጥ ብሎ ሲወራረድ ሌላው አገባ ብሎ ይቀበላል፣ አገባ ያለም ዋስ ይጠራል፤ የተረታ ውርርዱን ይከፍላል። ዝም ያለ ግን ነገሩን እንዳመነ ያህል ይቆጠርበታል።

ተናኘወርቅ ወደ አባቷ ጎንበስ አለች። የባሻ ፊት ተለውጧል። "አለቀልን፣ ልጄ" አሉ በሹክሹክታ። "አገባ እንዳትዪ። ቀጠሮ ጠይቂ።"

ቀጠሮ እንደማይሰጣቸው ታውቃለች። ግራዝማች ቆርጠዋል። ለተማርያም ከሾላዋ ግንድ ተጠግታ፣ ልቅሶ እንደ ደረሰች ሴት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭናለች። ተናኘወርቅ ቀና አለች። የአባቷን ቃል ስትጥስ የመጀመሪያዋ ነው።

"አባቴ ይላሉ" አለች፣ "አገባ!"

ባሻ ነጠላዋን ጎተቱት። አልዞረችም።

"ዋስሽን ጥሪ" አሉ ግራዝማች።

"አባቴ ይላሉ፣ ዋሴ ለተማርያም ናት።"

ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። እንደሻው ሆዱን ያዘ። "ወይ ጉድ! ገረድ ዋስ ስትሆን ዛሬ አየሁ! ቤት ንብረት የሌለው ሰው ከመቼ ወዲህ ነው ዋስ የሚሆነው?"

"ቤት የሌላት ሴት ዋስ አትሆንም ነው የምትለው?"

"ይህንማ ሕፃን ያውቀዋል!"

"ይስሙልኝ፣ ጌታዬ" አለች ወደ ዳኛው ዞራ። "በላ ልበልህ፣ እንደሻው! ወንድምየው ዘምቶ ሳለ፣ አባይነህ ሰው ፈንክቶ በዚሁ ችሎት እግር ብረት ሲገባ፣ ዋሴ ብሎ ጠርቶ የተፈታባት ሴት ማን ነበረች? ቤት ከሌላት በማን ቤት ተፈታ?"

ሳቁ ድርግም አለ። እንደሻው ወደ አባይነህ ዞረ፤ አባይነህ መሬት መሬት ያያል። ለካስ ለጠበቃው አልነገረውም! ውለታ እንዲህ ነው፤ የዋለው ያስታውሰዋል፣ የተዋለለት ይረሳዋል።

እንደሻው ግን በቀላሉ የሚወድቅ አልነበረም። ሲፎክር ወደ ባሻ ተጠግቶ ስለነበር ሹክሹክታቸውን ሰምቶ ኖሯል። "ጌታዬ!" ብሎ ጮኸ። "ሽማግሌው 'ቀጠሮ ጠይቂ' ነው ያሏት! በጆሮዬ ሰምቻለሁ! አባቴ ይላሉ እያለች በአባቷ አፍ ዋሸች፣ ሙግቷ ፈራሽ ነው!"

ተናኘወርቅ ወደ አባቷ ዞረች። እውነቱን ነዋ! ለተማርያም በተናኘወርቅ አንደበት ያገኘችውን ቤት በዚያው አንደበት ልታጣ ነው።

ግራዝማች ወደ ባሻ ዞሩ። "ባሻ፣ ይህን ቃል ያሉት እርስዎ ነዎት?"

ራስ መነቅነቅ ብቻ ይበቃ ነበር። ተናኘወርቅ በዓይኗ ለመነቻቸው፤ "አዎን ይበሉ፣ ምስጋናው እንደ ወትሮው ለእርስዎ ይሁን" እያለች በልቧ። ባሻ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከዚያ ከተዘጋ ጉሮሮ ድምፅ ሲያወጡ የአንገታቸው ሥር ተገተረ።

"አላልኩም" አሉ። "እኔ ያልኳት ቀጠሮ ጠይቂ ነው። ይህን ነገር እኔ ይዤው ቢሆን ይህች ሴት ዛሬ ሜዳ ላይ ትወድቅ ነበር። ቃሉ የልጄ ነው። እስከ ዛሬ የሰማችሁትም ብዙው የሷው ነው። ሽማግሌ ነኝ፣ ሲያመሰግኑኝ ደስ ይለኝ ነበርና ዝም አልኩ።"

ተናኘወርቅ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣለች። አለቀሰች፤ ስለ ቤቱ ይሁን ስለ አባቷ ራሷም አላወቀችም።

ግራዝማች ለገሠ ወደ ጠበቃው ዞሩ። ከዚያ "እንደሻው" አሉ፣ "'ቤት የሌላት ሴት ዋስ አትሆንም' ስትል በማን አፍ ነው የተናገርከው?"

"በ… በራሴ፣ ጌታዬ።"

"ያንን ዋስ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ትዝ አለኝ። ቤትሽ የት ነው ስላት ሐኪም ጋራ አለችኝ። አባይነህን ጠየቅሁት። 'አዎን፣ የወንድሜ ሚስት ናት፣ ቤቱም ቤቷ ነው' ብሎ ማለልኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?" ብለው ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ።

ከዳር የተቀመጡ አንድ አረጋዊ "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ጌታዬ። ሰውየው በገዛ አፉ ተረቷል" አሉ። ሰዉም "እውነት ነው" አለ። ቤቱና አትክልቱ ለለተማርያም ተፈረደ፤ እንደሻው የተወራረደባት በቅሎም ተከተለች። ጃሚላ "አልሐምዱሊላህ" እያለች ለተማርያም አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ሰዉ እንደ ልማዱ ወደ ባሻ ጉልበት ሊሄድ ሲነሣ ባሻ በዘንጋቸው ወደ ልጃቸው አመለከቱት። የሚያደርገው ጠፍቶት መሀል ላይ ቆመ።

"ተናኘወርቅ" አሉ ግራዝማች። "ከእንግዲህ ስትመጪ 'አባቴ ይላሉ' የሚሉትን ነገር ተዪው። ችሎት ታስረዝሚብናለሽ።"

ተናኘወርቅ እጅ ነሣች። ልታመሰግን አፏን ከፈተችና፣ "አባቴ ይላ…" ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ዳኛው ሳቁ፣ ችሎቱም ሳቀ። ባሻም ድምፅ በሌለው ሳቅ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

"እኔ" አለች ሳቁ ሲበርድ፤ ቃሏ አፏ ውስጥ አዲስ ሆኖባት። "እኔ፣ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ።"