ከርነሉን አስወጡልኝ

የሚስቴ ታላቅ ወንድም አለቃዬ ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ያዝንልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እሱ የባነር ማተሚያ ቤት አለው፤ እኔ ኮምፒውተሮቹን እጠግናለሁ። የዚያን ቀን ቀትር ላይ አዲሱን ቅርንጫፉን ሊያስመርቅ ነበር፤ በሕንጻው ላይ የሚሰቀለው የገዛ ፊቱ ግን አልታተም አለ። ፕሮግራሙ ምስሉን እየከፈተ ልክ አፍንጫው ጋ ሲደርስ «ሜሞሪ አልበቃኝም» ብሎ ድርቅ ይላል።

«ትናንት ሜሞሪ ጨምሬበት የለ እንዴ? ማነው የሚበላው?» ብሎ ጮኸ። «እስከ ቀትር ካልወጣ አንተ ትወጣለህ!»

«ጋሼ፣ የፈለግከውን ያህል ብትጨምር ይሄ አሮጌ ሲስተም ለአንድ ፕሮግራም ከአራት ጊጋ በላይ የሜሞሪ አድራሻ መስጠት አይችልም። ከአራቱም ሁለቱ ብቻ ናቸው የፕሮግራሙ፤ ሁለቱ የከርነሉ ናቸው።»

«ከርነል ደግሞ የማን ልጅ ነው?»

«የሲስተሙ እምብርት ነዋ። ዕቃውን ሁሉ የሚያዘው እሱ ነው። ፕሮግራም እሱ ግቢ እግሩን ካስገባ ወዲያው ይገደላል።»

«ሁለቱንም ጊጋ ይጠቀምበታል?»

«ኧረ አብዛኛው ባዶ ነው። ግን ታጥሯል።»

ደሙ ፈላ። «ሳይሠራበት አጥሮ የሚያስቀምጥ! አስወጣልኝ!»

ባነሩን የሠራችው ዲዛይነር ከጥግ «ጋሼ፣ ቀስ በል፤ ዘመድ እንዳይሆን» አለች።

ማስወጣት አይቻልም፤ አጥሩን መግፋት ግን ይቻላል። ሦስት ለፕሮግራሙ፣ አንድ ለከርነሉ አድርጌ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። ምስሉ ሙሉውን ተከፈተ፦ አፍንጫው፣ አገጩ፣ ከጎኑ ቆማ የምትስቀው ሚስቴ። አለቃዬ ስክሪኑን ሊስመው ምንም አልቀረው።

«አትም!»

ፕሪንተሩ ጭጭ አለ።

«አኮረፈ!»

«ፕሪንተሩን የሚያናግረው እኮ ከርነሉ ነው። አጣበብንበትና ማናገሪያውን ድራይቨር የሚያስቀምጥበት አጣ።»

«እንግዲያው መልስለት! ግን ትንሽ! ጣት ታህል!»

እኔ ክንድ ስል እሱ ጣት ሲል፣ እንደ ጨርቅ ነጋዴ ተከራከርን። በየክርክሩ ማሽኑን ማጥፋትና ማብራት አለ። በመጨረሻ ፕሪንተሩ ነቃ፤ ምስሉ ግን አገጩ ላይ ቆመ። ከዚህ ወዲያ አጥሩ አይነካም፤ ከምስሉ የሆነ ነገር መቀነስ አለበት።

«እህቴን ቀንሳት» አለ ሳያፍር። «ቤተሰብ ናት፣ ይገባታል።»

«ማን ይነግራታል?»

«ባሏ ማነው?»

ወይ ከሥራዬ ወይ ከአልጋዬ ልባረር ነው። ዲዛይነሯን በዓይኔ ተማጸንኳት። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እሷ እንኳ ቀላል ናት። የከበደው… ፀጉሩ ነው።»

አለቃዬ መላጣ ነው። ሁላችንም እናውቃለን፤ ደፍሮ የተናገረ ግን አልነበረም። ባነሩ ላይ ዲዛይነሯን አስጨንቆ እንደ ጫካ አብቅሏል፤ እያንዳንዷ ዘለላ ለብቻዋ ተስላ፣ ለብቻዋ ሜሞሪ ትበላለች።

«እሱ ከተነሳ ሌላው ሁሉ ይገባል» አለች።

«ታዲያ ሕንጻ የሚያህል አናቴን ለሕዝብ ልታሳዩት ነው?»

ሰዓቱን አየ። የሚስቴን ፎቶ አየ። እኔን ሲያይ ከሁለታችን ማንን ቢያጠፋ እንደሚሻለው የሚያሰላ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ዲዛይነሯ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃት፦

«ባርኔጣ ብዙ ቦታ ይፈጃል?»

«ባርኔጣማ ምን አለው ጋሼ፤ አንድ ጥቁር ድፍን ነገር።»

ባነሩ ቀትር ሳይደርስ ተሰቀለ። ሚስቴ እንደሳቀች አለች፤ እኔም ሥራዬ ላይ አለሁ። እሱ ግን ደንበኛ ከባነሩ ጋር እንዳያስተያየው በዚያው ቀን ጥቁር ባርኔጣ ገዛ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አላወለቀም። እኛ ቤት ራት ሲመጣ ላቡ ሾርባው ላይ ጠብ ይላል።

«ወንድሜ፣ ቤት ውስጥ እኮ ነህ፤ አውልቀው እንጂ» ትለዋለች ሚስቴ።

«ባልሽን ጠይቂ» ይላታል፤ «ከርነሉ ነው ያስለበሰኝ።»