የመተንፈሻው ብሎን

እንድሪስ ሐጅ ሊሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው የጉርድ ሾላን ሰፈር በሙሉ አውፍ አስብሎ ጨርሶ ነበር። ሥጋ ሻጩን ያሕያን፣ የጋራዡን ጎረቤት ጎሚስታውን፣ በአጥር ድንበር ሰባት ዓመት የተኳረፋቸውን ወይዘሮ ወይንሸትን ሳይቀር። ደንቡ ቀላል ነው። ሐጅ የሚሄድ ሰው በር ያንኳኳል፣ “አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ” ይላል፤ ባለቤቱም “አውፍ ብለናል፣ እርስዎም አውፍ ይበሉን” ብሎ ይመርቀዋል። በምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። መጠየቅ ነውር ነው ማለት ይቻላል፤ እንድሪስም ይህን ደንብ እንደዚያ ሰሞን ወዶት አያውቅም።

አንድ በር ብቻ ቀረው፤ ገርጂ፣ የጉዲና በር።

“ሁሉን ጨርሰህ ይኼን ሰው የምታሳድረው ምን ሆነህ ነው?” አለችው ሚስቱ መኪያ።

“መንገዱ ራቀኝ” አላት። ከጉርድ ሾላ ገርጂ መንገድ ራቀኝ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እንድሪስ ላንድክሩዘር አዋቂ ነው። ወደ ገጠር የሚወጣ መኪና እሱ ጋራዥ ጎራ ሳይል አይወጣም። በተለይ በአንድ ነገር ቀልድ አያውቅም፤ በዲፈረንሻሉ መተንፈሻ። ዲፈረንሻል ማለት ከመኪናው ሆድ ሥር የኋላ እግሮቹን የሚያዞረው፣ ዘይት የያዘው ብረት ነው፤ አናቱ ላይ አውራ ጣት የማታክል መተንፈሻ አለችው። መኪናው ሲሄድ ብረቱ ይግላል፣ ውስጡ ያለው አየርም በእሷ በኩል ይወጣል። የጋለው ብረት ወንዝ ሲገባ ደግሞ ባንዴ ይቀዘቅዝና አየር ይስባል። መተንፈሻዋ ከተደፈነች ግን ዘይት በሚያግደው በየጎሚኒው ጠርዝ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ እንድሪስ ክረምት ሳይገባ የያንዳንዱን መኪና መተንፈሻ ፈትቶ በናፍጣ ያጥባል፣ በአፉ እፍ ብሎ ይፈትሻል፣ ቀጭን ጎማ ሰክቶ ውሃ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ያስረዋል። መተንፈሻውን በጭቃ አስደፍኖ የመጣ ሾፌር ካገኘ “አፍህንም አፍንጫህንም ይዤህ ዳገት ትወጣልኛለህ?” እያለ መሳቂያ ያደርገዋል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በሰማንያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ ያን ያደረገው።

ጉዲና የአንድ የእርዳታ ድርጅት ሾፌር ነበር። የሚነዳት ላንድክሩዘር የመተንፈሻዋ ክዳን ተሰብሮ ዘይት ትተፋለች፤ ቦሌ የሚኖረው ኃላፊም የግቢዬ እምነ በረድ ተበላሸ ብሎ ተቆጥቷል። ቀኑ ዓርብ ነው፤ በማግስቱ የእንድሪስ የእህት ልጅ የሳጂዳ ሠርግ። አዲስ መተንፈሻ ለማግኘት ሶማሌ ተራ ድረስ መሄድ ሊኖርበት ነው። እንድሪስ ሰዓቱን አየ። ከዚያ የተሰበረውን መተንፈሻ ፈትቶ የብሎን ጣሳው ውስጥ ጣለውና ከዚያው ልኩን ብሎን መርጦ የመተንፈሻውን ቀዳዳ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ዘይቱ ቆመ። “ሰኞ አውጥቼ በደንብ እሠራዋለሁ” አለ ለራሱ። መኪናዋ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወለጋ እንደምትወጣ ጉዲና ነግሮት ነበር።

ጉዲና ሌላ ጊዜ እየዘመረ የሚሻገረውን ወንዝ ተሻገረ። በሦስተኛው ቀን ውሃ የገባበት ዘይት ወተት መስሎ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ነደደ፤ የኋላ እግሯ ቁልቁለት ላይ ተቆለፈና መኪናዋ ተገለበጠች። ደግነቱ ሰው አልሞተም። ተጎትታ እንድሪስ ጋራዥ ገባች፤ የድርጅቱ መርማሪም እዚያው አያት። ያን ዕለት እንድሪስ ማስታወስ አይወድም። መርማሪው “ሾፌሩ ከልክ ያለፈ ውሃ ውስጥ በቸልተኝነት ገብቶ” ብሎ ጻፈ፤ ጉዲና ያለ ሥራ ምስክር ወረቀት ተባረረ። አሁን ገርጂ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ነው።

እንድሪስ የመጣው ማክሰኞ፣ የአሱርን ሶላት ሰግዶ ነበር። ጉዲናን መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ካለችው አንድ ክፍል ቤቱ ደጅ ተቀምጦ አገኘው። ዘሎ ተነሣና እጁን በሁለት እጁ ያዘው።

“ጋሽ እንድሪስ! ምን እግር ጣለዎት? ይግቡ እንጂ!”

“አልቀመጥም። ሐሙስ ሐጅ ልሄድ ነው። አውፍ በለኝ፣ ጉዲና።”

“ከልቤ ይቅር ብያለሁ። ጌታ በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልስዎ።”

አለቀ። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? እንድሪስ ሊሄድ ዞር ሲል ጉዲና እጁን አልለቀቀውም።

“እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።”

“በምን?” አለ እንድሪስ። ደንቡን ራሱ አፈረሰው።

“በዚያች መኪና ነዋ። እርስዎ የለፉባትን መኪና ወንዝ ውስጥ ከትቼ ገደልኳት። አሁንም ብቻዬን ስሆን ወንዙን እንደ ገና እሻገረዋለሁ፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ግን ላገኘው አልቻልኩም። ጓደኞቼ ታክሲ ንዳ ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። እጄን አላምነውም።”

እንድሪስ የሰውየውን እንጀራ እንደ ዘጋ ያውቅ ነበር፤ ሰውየው በገዛ እጁ ላይ ያለውን እምነት እንደ ቀማው ግን አላወቀም። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

“ወንዙ አይደለም” አለ። “አንተም አይደለህም። እኔ ነኝ። መተንፈሻዋን በብሎን ደፍኜው ነበር። ሰኞ ላወጣው ብዬ… ረሳሁት።”

ጉዲና እጁን ለቀቀ።

“አዝመራ! አዝመራ፣ ቶሎ ነይ!”

ሚስቱ አረፋ የነካ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

“አሁን ያሉኝን ለእሷም ይድገሙላት” አለ ጉዲና። ድምፁ ቁጣ አልነበረውም፤ እንዲያውም ደስ ያለው ይመስል ነበር፤ እንድሪስን አንጀቱን የቆረጠውም ይኸው ነው። “አራት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ባሌ አጥፍቶ ነው እያለች አንገቷን ከደፋች። ትስማ!”

እንድሪስ ደገመው። አዝመራ ስትሰማ ቆይታ ወደ ቤት ገባችና ከልጇ ከዲና ደብተር አንድ ገጽ ቀድዳ፣ እስክሪብቶ ይዛ ወጣች።

“ይጻፉልን። ይዞት ድርጅቱ ይሄዳል።”

ድርጅቱ እስከ ዛሬ የእንድሪስ ደንበኛ ነው፤ የጋራዡ ግማሽ ሥራ ከዚያ ይመጣል። ከሐጅ ስመለስ ብጽፈውስ ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ጻፈ። ፈረመበት።

አዝመራ ወረቀቱን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። “…‘ሰኞ ላወጣው አስቤ ረስቼው’…” አለችና ቆመች።

“ጋሽ እንድሪስ፣ ከረሱት ብሎኑ እዚያው ነበራ። መርማሪው እንዴት ሳያየው ቀረ?”

አልሸሹም ዞር አሉ! እንድሪስ ግማሹን ጥፋት ተናግሮ በግማሹ ሊያመልጥ ነበር። “ተገልብጣ ስትወድቅ ወልቆ ይሆናል” ማለት ይችላል፤ ማን ያውቅበታል? ለመካ የተገዛለት ነጭ ልብስ ግን ቤቱ ታጥፎ ተቀምጧል፤ የሰው ሐቅ ይዞ እንዴት ይለብሰዋል?

“አልረሳሁትም” አለ። “መርማሪው ሳይመጣ ከሥር ገብቼ ፈታሁት። ኪሴ ከተትኩትና የተሰበረውን መተንፈሻ መልሼ ገጠምኩበት።”

አዝመራ እስክሪብቶውን መልሳ ሰጠችው።

“እንግዲያው ‘ረስቼው’ የሚለውን ይሰርዙት።”

ሰረዘው። ከሥሩም አሁን የተናገረውን አንድ ሳያስቀር ጻፈው። ቀና ሲል የጉዲና ፊት ላይ ቅድም ያየው ደስታ የለም።

“ያን ዕለት እኮ እኔም ጋራዡ ነበርኩ” አለ ጉዲና በዝግታ። “ከአጠገብዎ አልተለየሁም። ሻይ አምጣልኝ ብለው የላኩኝ ጊዜ ብቻ ነው።”

እንድሪስ ወረቀቱን ለአዝመራ አቀበላት።

“ያኔ ነው?” አለ ጉዲና።

“ያኔ ነው።”

ጉዲና ወደ መሬት እያየ ራሱን ነቀነቀ።

“ሻዩ እንዳይበርድብዎ ብዬ” አለ፣ “ብርጭቆውን በእጄ ከድኜ እየሮጥኩ ነበር የመጣሁት።”