ከቡሎኑ ሥር የቀረው ቀለም

በጋራዡ ሰፈር ስሜን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «ቴስተር» ነው የሚለኝ። የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። በቴስተሬ፣ በኤሌክትሪክ መፈተሻዬ፣ ያላረጋገጥኩትን ነገር እናቴ ብትነግረኝም አላምንም። በዚህ ጠባዬ ስኩራራ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ።

አሮጌዋ ፒክአፕ የታናሽ ወንድሜ ናት። ከዓመት በፊት፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ጠዋት፣ መብራት አብርቶ እየነዳ፣ ፍሬን ይዞ ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ ከኋላ ሊቀድመው የመጣ ሞተረኛ ተላተመበት። ሰውዬው የሁለት ልጆች አባት ነበር። እዚያው ሞተ።

«ፍሬቻ አብርቼ ነበር» አለ ወንድሜ። በር ላይ ቆማ ያየች ባለሱቅ ግን ምንም ፍሬቻ አልበራም ብላ መሰከረች።

«ጋሼ፣ እስቲ መኪናዋን አንተ እያት» ብሎ ለመነኝ። ጋራዥ ውስጥ እንደምናደርገው አደረግን፤ እሱ ጋቢና ገባ፣ እኔ ከኋላ ቆምኩ። «ፍሬን!» ሲል «በራ!» እላለሁ፤ «ፍሬቻ!» ሲል «በራ!» እላለሁ። አንድ በአንድ ሞከርናቸው፣ አንድም የጎደለ አልነበረም። ያኔ ቱግ አልኩና እናታችን ፊት፣ «ሰው ገድለህ በሽቦ አታሳብብ!» አልኩት። ትራፊክ ፖሊሱ ሲጠይቀኝም መኪናዋ ጤነኛ ናት ብዬ ፈረምኩ።

ስምንት ወር ታሰረ። ከወጣ ወዲህ እናታችን ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። መሪ መጨበጥ ቀርቶ ታክሲ እንኳ አይሳፈርም። እናቴ «ያቺ መኪና ከዓይኔ ትጥፋልኝ፣ ሽጥልኝ» አለችኝ።

ባለፈው ሰኞ ገዢ መጣ፤ አፈኛ የሴራሚክ ነጋዴ ነው፣ ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር የለም። ጋቢና ገብቶ እንደ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነካካው። ትልቁን መብራት አበራ፣ ፍሬን ረገጠ፣ የግራ ፍሬቻ ሰጠ። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። የፍሬኑ መብራት ደበዘዘ፤ ፍሬቻው ግን ጭራሽ አልበራም።

«ፍሬቻው አልበራም!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ነካህ ወዳጄ? ይኸው እዚህ ቀስቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ቀጭ ቀጭ ስትልም ይሰማኛል!»

መኪናዋ አትሸጥም ብዬ ሰውዬውን ሸኘሁት።

ሁለት ቀን ሙሉ ታገልኳት። አምፖል ቀየርኩ፣ ፊውዝ አየሁ፣ ከዳሽቦርዱ እስከ ኋላ ያለውን ሽቦ ክንድ በክንድ ዳበስኩት። አንድ በአንድ ስሞክራቸው ይበራሉ፤ ሦስቱን ባንዴ ሳበራቸው ፍሬቻው ይጠፋል። ሰደብኳት፣ ጎማዋንም በእግሬ መታሁ። በመጨረሻ ከባትሪው ኔጋቲቭ ረጅም ሽቦ ስቤ የኋላ መብራቱን አምፖሎች መያዣ ብረት ነካሁበት። ሁሉም ቦግ አለ።

ለካ ኤሌክትሪኩ ያጣው መሄጃ ሳይሆን መመለሻ ነው። ለአንድ አምፖል የምትበቃ ቀጭን መንገድ ነበረችው፤ ሦስቱ አብረው ሲመጡባት አልቻለችም። መመለሻው ደግሞ ከግራው መብራት ጀርባ፣ ሽቦው ከመኪናዋ ብረት ጋር በቡሎን የታሰረበት ቦታ ነው። ፈታሁት። ከሥሩ ብረት አልነበረም፤ ሰማያዊ ቀለም እንዳለ ተለጥፏል።

ያን ቡሎን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከአደጋው በፊት ወንድሜ መኪናዋን ቀለም ያስቀባት ጊዜ መብራቶቹን የመለስኩለት እኔ ነበርኩ። ሽቦ ከመታሰሩ በፊት ቀለሙ ብረቱ እስኪታይ ይፋቃል፤ ይህን ለስንቱ ሠራተኛ እየተቆጣሁ አስተምሬያለሁ! ብርጭቆ ወረቀቱም በእጄ ነበር። ወንድሜ በደስታ ሰክሮ፣ «ጋሼ፣ በፈጠረህ እንዳትፍቃት፣ ትናንት የተዳረች ሙሽራ እኮ ናት» አለኝ። ሳቅኩና ቀለሙ ላይ አሰርኩት። የሱን ደስታ ላለመጫር ብዬ ነበር።

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ቡሎኑን ግን መልሼ እንደነበረው አሰርኩት፤ ምክንያቱም ነገ ለሟቹ ሚስት፣ ከዚያም ለፖሊሱ የማሳየው እሱን ነው። እስከዚያ ማንም እንዲነካው አልፈለግሁም።

ከዚያ መኪናዋን እናታችን ግቢ አስገባኋት። ወንድሜ ሲያያት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ያን ዕለት ፍሬቻ አብርተህ ነበር» አልኩት። «ጥፋቱ የኔ ነው። የኔ እጅ ነው።» ሁሉንም ነገርኩት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

ወንድሜ ፊቱን ወደኔ መለሰ። «እኔ'ኮ አምኜ ነበር፣ ጋሼ» አለኝ። «እስር ቤት ሆኜ ሳስበው ሳስበው፣ አንተ አትሳሳትም፣ እንግዲህ ሳላበራ ቀርቼ ነው ብዬ አመንኩ። እጄን ነበር የምጠላው።»

«ና፣ ከኋላ ቁም» አልኩት። አንገራገረ፤ ከዚያ እየተጎተተ ወጣና ከኋላ ቆመ። እኔ ጋቢና ገባሁ። መብራቱን አበራሁ፣ ፍሬን ረገጥኩ፣ የግራ ፍሬቻ ሰጠሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀስቷ ብልጭ ድርግም አለች።

«ፍሬቻ!» ብዬ ጮህኩ።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የምትለዋን ብቻ ነው የምሰማው።

«አልበራም» አለ ወንድሜ። ድምፁ ተሰበረ። «እማዬ፣ ነይ እይው፤ አልበራም!»