ከከሰሉ የወጣው ውሃ

ሐሊና ዌስትላንድስ በሚባለው ሰፈር ባለ የመሐንዲሶች ቢሮ ሁለት ዓመት ስትሠራ በስብሰባ ላይ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም። የምትለውን በእርሳስ ጽፋ ማቅረብ ይቀላታል። አለቃዋ ረታ፣ ስትስማማም ስትቃወምም ዝም ናት እያለ ያሾፍባታል።

አሁን ግን ዝምታ የሚያዋጣ አልነበረም። የሳሙና ፋብሪካ ባለቤቱ ጋሽ ባንታየሁ በእንፋሎት የራሳቸውን መብራት ሊያመነጩ ነው፤ ማገዶውን ምረጡልኝ ብለዋል። ረታ ከውጭ የሚገባውን የድንጋይ ከሰል መረጠ። እሷ ልቧ ያረፈው ቲካ ከተማ ያሉ ፈልፋዮች በሚጥሉት የማካዴሚያ ለውዝ ቅርፊት ላይ ነው። የሁለቱ ማገዶ ሙቀት የተጻፈበት ወረቀት የሚመሰክረው ለረታ ነበር፤ ኪሎ ለኪሎ ከሰሉ የበለጠ ይሞቃል። ነገ ውሉ ከተፈረመ ምድጃው ለከሰል ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

ወረቀቱን ደጋግማ ስታነብ አንድ ነገር ከነከናት። ሙቀቱ የተለካው ከሰሉ ደርቆ ነው። የሚሸጠው ክምር ግን ሜዳ ላይ የሚያዝያ ዝናብ ይወርድበታል።

ሄዳ ከክምሩ ሆድ ሁለት ኪሎ ዝቃ አመጣች። ከቅርፊቱም ሁለት ኪሎ ያዘች። ኪሊማኒ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት አክስቷ እህተማርያም ምድጃዋን ፈቀደችላት፤ ደንበኛ ቢመጣ የዛሬው ጥብስ ድንጋይ ነው ልበል ወይ ብላ ስቃባታለች። ሐሊና ክብደታቸው መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ እያደረቀች መዘነች።

በማግስቱ፣ ውሉ በሚፈረምበት ስብሰባ ላይ ረታ ተናግሮ ሲጨርስ ሁለት ጠርሙሶችና የስሌት ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አንዱ ውስጥ ግማሽ ሊትር ውሃ አለ፤ ሌላው ውስጥ ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም።

«ጋሼ፣ ከሁለት ኪሎ ከሰል የጎደለው ይሄን ያህል ነው፤ ትንሹ የቅርፊቱ ነው» አለች። «ከምንገዛው ከሰል ሩቡ ውሃ ነው፤ ብልጫው እዚያው ያልቃል።»

ጋሽ ባንታየሁ ትልቁን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት። ከዚያ ወደ ረታ ዞሩ።

«ኢንጂነር፣ ከሰልህን በአካፋ ነው በጭልፋ የምንጨምረው?»

ረታ ስሌቷን ተቀብሎ መስመር በመስመር አየው። ስህተት አላገኘበትም። የራሱን ወረቀት አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

በዓመቱ እንፋሎት የሚያፈላው ቦይለር በቅርፊት ጋለ። ጋሽ ባንታየሁ እንፋሎቱን የምታስለቅቀው እሷ ናት ብለው ከፊት አቆሟት። ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል፤ የእንፋሎቱን ቫልቭ የያዘው ሠራተኛ ከቧንቧዎቹ ጀርባ ሆኖ ትእዛዟን ይጠብቃል። በምልክት እንዳይሆን አይተያዩም።

«ክፈተው!» ብላ ጮኸች።

ተርባይኑ ዞረ። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር በራ፤ ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። ረታ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ ይሄ ድምፅ እስከ ዛሬ የት ነበር አላት።