ግማሽ ነኝ ያለው ታንከር

ሽቦ ይሉታል። አንድም ቀጭን ስለሆነ ነው፣ አንድም ሥራው ከሽቦ ጋር ስለሆነ። በሳሙና ፋብሪካው ውስጥ የመለኪያ መሣሪያዎች ቴክኒሻን ነው። የዘይቱ ታንከር ምን ያህል እንደሞላ፣ የእንፋሎቱ ግፊት የት እንደደረሰ ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚናገሩት ስማርት መለኪያዎች የሱ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። የወለዳት አንዲት ልጁ ደግሞ ራቅ ያለ ከተማ አግብታ ትኖራለች። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማው ፍሪጁ ብቻ ነው።

ድሮ ሥራው የሁለት ሰው ነበር። መለኪያዎቹን የሚያዋቅረው ውድ መሣሪያ ዋናው መሥሪያ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ይቀመጣል፤ ሲለምኑት አይመጣም። ስለዚህ ሽቦ ታንከሩ ላይ ይወጣል፣ ጓደኛው ደወል ስክሪኑ ፊት ይቀመጣል፣ በመገናኛ ሬዲዮ ይነጋገራሉ። ደወል የተባለው ድምፁ ያለ ሬዲዮም ስለሚሰማ ነው። ሽቦ በመለኪያው ቁልፎች ለፈተና ይይዘውና «ግማሽ በል» ብሎ ያስገድደዋል፤ ደወል «ግማሽ ብሏል!» ይላል። ፈተናው ሲያልቅ ደግሞ ሳይታክት «ልቀቀው እንጂ!» ብሎ ይጮኻል፤ በፈተና ተይዞ የቀረ መለኪያ ታንከሩ ይሙላ ይጉደል የታዘዘውን ብቻ ነዋ የሚናገረው። በመሃል ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ደወል አማት ያወራሉ። አማቲቱን ሽቦ አይቷት አያውቅም፤ ግን ፊት ለፊት ቢያገኛት በአነጋገሯ ይለያታል።

ትንሿን ሞደም ያመጣት ራሱ ሽቦ ነው። የክብሪት ቀፎ ታክላለች፤ በአንድ ጫፏ መለኪያው ላይ ትቆነጥጣለች፣ በሌላው ከስልክ ጋር ትነጋገራለች፤ ዋጋዋ ከአንድ ጥንድ ደህና ጫማ አይበልጥም። ያ ባለ ቁም ሳጥኑ የሚሠራውን ሁሉ ትሠራለች። ሽቦ እንደ ልጅ ተደስቶ ለጥገና ኃላፊዋ አሳያት።

«ጋሼ፣ ይቺን እስከዛሬ የት ደብቀዋት ነው?» አለችው።

የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ስክሪንም ስልኩ ላይ ከፈቱለት። ከዚያማ የሁለተኛው ሰው ወንበር ትርፍ ሆነና ደወል የአንድ ቀን መንገድ ወደሚርቀው ፋብሪካ ተዛወረ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኼ ነው። ሽቦ ጓደኛውን እየሳቀ ሸኘው፤ ቤቱ ሲገባ ግን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ መሸ።

ጉዱ የመጣው በአንድ ተራ ረፋድ ነው። ሽቦ ታንከሩ ላይ ሆኖ መለኪያውን «ግማሽ» ላይ ይዞ እየፈተነ ሳለ ስልኩ ጠራ። ልጁ ናት። በሥራ ቀን ደውላለት አታውቅም። ስልኩ ላይ ያለው የሞደሟ ፕሮግራም «መለኪያውን ሳይለቁ ሊወጡ ነው፤ ይውጡ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ አዎ አዎ ብሎ ተጭኖ አለፈው።

«አቤት የኔ እመቤት!»

«ውይ አባዬ፣ አንተ ጋ ነው እንዴ የደወልኩት? ለባልደረባዬ መስሎኝ ነው እኮ። መልሼ እደውላለሁ፣ እሺ?»

«እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ።»

ሞደሟን ነቅሎ ወረደ። ስልኩን ቀኑን ሙሉ ከእጁ አልለየውም፤ እሷ ግን አልደወለችም። መለኪያውን ጭራሽ ረሳው።

ታንከሩን የሚሞላው ፓምፕ ምን ያድርግ፣ የሚያምነው መለኪያውን ነው። ግማሽ ነኝ ሲለው ጊዜ ሞላ፣ ሞላ፣ ዘይቱ በታንከሩ አናት ገንፍሎ ግቢውን አጠበው። ዘበኛው ምንድን ነው ብሎ ቢጠጋ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ሊያነሳው የሮጠው ሹፌር በላዩ ላይ ተዘረጋ። ሰው አልተጎዳም፤ የሚስቅም አልጠፋም። ሽቦ ግን ስክሪኑን ሲያይ መለኪያውን ሳይለቀው መውረዱ ትዝ አለው። ገና ግማሽ ይላል።

«ጋሼ፣ ጉድ የሠራችን ያቺ ርካሽ ነገር ናት አይደል?» አለችው ኃላፊዋ።

«ርካሽ እኮ ያው ርካሽ ነው» አለ አጠገቧ የቆመው የሒሳብ ሹም።

ሽቦ አፉን የከፈተው እውነቱን ሊናገር ነበር። ግን አንድ ሐሳብ ቀደመው፦ ሞደሟ ከተባረረች ሥራው ተመልሶ የሁለት ሰው ይሆናል።

«አዎ፣ አትታመንም» አለ። «እንደ ድሮው በሁለት ሰው ይሻላል። ደወልን ብታመጡልኝ…»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ሞደሟ አፍ የላት፣ ምን ትበል። ኃላፊዋ ተቀብላ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችባት፤ የደወልን መመለሻ ደብዳቤ ጠዋት እጽፋለሁ አለች።

ሽቦ ቤቱ እስኪገባ አልቻለም፤ መንገድ ላይ ቆሞ ደወለ።

«አንተ ደወል! ዕቃህን ሸክፍ፣ ልትመጣልኝ ነው!»

ከወዲያ ማዶ የሕፃናት ጫጫታና የሳህን ድምፅ ይሰማል። ደወል ሁሉን ሳያቋርጠው አዳመጠ። እንዲህ አዳምጦት አያውቅም።

«አትታመንም ያልካት ያቺን ትንሿን ነው?»

«እሷን።»

«እኔም እኮ በሷ ነው የምሠራው። እዚህ ያሉትንም የማስተምረው በሷ ነው፤ አንድ ቀን አስቀይማኝ አታውቅም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በፈተና ይዘኸው ረስተኸው ነው፣ አይደል?»

«ልጄ ደወለችና…» ብሎ ጀመረ ሽቦ።

«ስማኝ ወንድሜ። ባለቤቴ እዚህ ሥራ አግኝታለች፣ ልጆቹም ለምደዋል። እኔም… እኔም ደህና ነኝ። ከዚህ አታስነሳኝ።»

«ደስ የሚልህ መስሎኝ ነበር።»

«ትናፍቀኛለህ እኮ! እሱ ሌላ ነው።» ከኋላው «ራት ቀርቧል» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። «ጠዋት ሄደህ ንገራት። በናትህ።»

ሽቦ ስልኩን ኪሱ ከትቶ እዚያው ቆመ። መዋሸቱ አሳፍሮታል፤ ያንገበገበው ግን ሌላ ነው። እስከዛሬ ደወልንም እንደሱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሲቆዝም ነበር የሚያስበው። ደስ ብሎት ሊኖር ይችላል ብሎ አንድም ቀን አላሰበም።

ጠዋት ደብዳቤው ሳይጻፍ ደረሰ። ቆሞ፣ ምንም ሳያስቀር ነገራት።

«ጋሼ! ከዋናው መሥሪያ ቤት ሊያጣሉኝ ነበር እኮ!» ብላ ተቆጣች፤ ማስጠንቀቂያም አይቀርልዎትም አለችው። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ሞደሟን እየሰጠችው ፊቱን አየችውና ለዘብ አለች። «ይሁን እንጂ፣ ሰው ያስፈልገኛል ካሉ ደብዳቤውን አሁንም እጽፋለሁ። ደወል ይምጣ?»

እሷ ብዕሯን አንስታለች። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረው።

«ይቅር» አለ ሽቦ። «እሱ እዚያ ደህና ነው።»

«ብቻዎን አይከብድዎትም?»

«ሥራውስ አይከብደኝም» አለና ሌላ ሳትጠይቀው ቶሎ ብሎ ወጣ።