ናዳ ባንድ ጂማ ላይ

የካ ሚካኤል ምስክሬ ነው፤ ከዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም። ገበየሁ፣ የሟች ሚስት ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጣ እየሰማችው፣ «ናዳ ባንድን የገደለው ፋኑኤል ነው» አለ። አፉን ሞልቶ!

ፋኑኤል በተቀበረ ማግሥት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እድሩ በተከለው ድንኳን ውስጥ ነን። ቢያንስ ሁለት ሺህ ሰው ነበር። ሟቹ የናዳ ሮክ ባንድ ጊታሪስት፣ እኔና ገበየሁ ደግሞ የባንዱ የጥንት አድናቂዎች ነን። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ባንዱ ክፍለ አገር ዞረና ጂማ ላይ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ወሬ አንድ ነው፦ ፋኑኤል መድረክ ጥሎ ጠፋ።

«ጉዞው ከመነሻው እርግማን ነበረበት» አለ ገበየሁ ንፍሮውን እየቃመ። «ሐዋሳ ላይ ድምፁ ተበላሸ። ነቀምቴ ላይ ሰው ሲጠብቅ ዋለ። ጂማ ላይ ያንተ ጀግና ፈረጠጠ።»

«አፍህን ሰብስብ! ሐዋሳ ላይ ሐይቁ ራሱ ነው ተነስቶ ያጨበጨበው።»

«ነበርክ?»

«ከፊት!»

«ያን ሰሞን እግርህ ተሰብሮ ጀሶ ታስረህ አልነበር? ጀሶው ላይ የፈረምኩት እኔ!»

«ከነጀሶዬ ነው የሄድኩት፣ አንተ ምቀኛ!»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሰቦቃ ከዘራቸውን መሬት መቱ። «ሐዘን ቤት ነው ስታዲየም? ውጡልኝ!»

«ይተዉዋቸው፣ ጋሽ ሰቦቃ» አለች የሟች ሚስት መዓዛ። ሁለት ቀን ሙሉ ድምፅዋን ያልሰማነው። «እኔም ልስማ። ባሌ ፈሪ እየተባለ ነው የሞተው። ለምን ጥለህ መጣህ ስለው ‹እርሺው› ይለኛል። አሁን ማንን ልጠይቅ?»

ፋኑኤልን የማውቀው እኔ ነኝ። በልጅነቱ እንጦጦ ማርያም መውጫ ላይ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ሲለማመድ፣ ጅቦች መንገዳቸውን አቋርጠው ያዳምጡት ነበር፤ አሥራ አንድ ቆጥሬአለሁ። ከጂማ ሲመለስ ግን ጊታሩን ጠቅልሎ ሰቀለ። ቴሌቪዥን ጠጋኝ ሆነ። ገበየሁ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ሲዘልፈው እንኳ ከሚፈታው ብሎን ቀና አይልም።

ብድግ አልኩ። «መዓዛ፣ እኔ ልንገርሽ! ጂማ ላይ ሰማንያ ሺህ ሰው! ፋኑኤል ክሩን ሲመታው ስፒከሩ በእሳት ተያያዘ። መድረኩ ተናደ። ባልሽ እሳት ውስጥ ገብቶ ሦስት ሰው አወጣ! በጀርባዬ ተሸክሜ ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ። እጁ ነዶ ስለነበር እንዳትደነግጪ ብሎ ነው የደበቀሽ።»

መዓዛ ልታምነኝ ፈልጋ ነበር፤ ከዓይኗ አይቻለሁ። «እጁ ላይ ግን… ጠባሳ አልነበረውም» አለች በቀስታ።

«ምንም አልተቃጠለም፣ እመቤቴ።»

ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አውልቆ ተነሳ። «ሊሊሳ እባላለሁ። የባንዱ ሾፌር ነበርኩ።»

«እኔ የምለው ሌላውን ኮንሰርት…»

«ጂማ የሄድነው አንድ ጊዜ ነው» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ። ወደ እሷ ዞረ። «ቀኑን ሙሉ ዝናብ ነበር። የመጣው ሰባት ሰው ነው። ዘፋኙና ሌሎቹ ለሰባት ሰው አንጫወትም ብለው መኪና ውስጥ ገቡ። ፋኑኤል ‹በዝናብ የመጣ ሰው እንዴት ይመለሳል?› ብሎ እምቢ አለ። ጥለነው ሄድን። የነዳሁት እኔ ነኝ። ኋላ አዲስ አበባ ሳገኘው፣ ‹የባንዱን ስም እንዳታጠፋ፣ ለማንም አትናገር› አለኝ። እሺ አልኩት።»

ገበየሁ የጨበጠውን ንፍሮ ሳህኑ ላይ መለሰው።

«ተጫወተላቸው?» አለች መዓዛ።

«አላውቅም። በመስታወቱ ሳየው ጊታሩን እየቃኘ ነበር። ከዚያ መንገዱ ታጠፈ።»

ሊሊሳ ውጣ እስኪሉት የሚጠብቅ ይመስል ኮፍያውን ይዞ ቆመ። መዓዛ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገችና አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።