በእትዬ ስም የጠፋ ቆዳ

ሳትጠራ የታናሽ ወንድሟን በር ያንኳኳችው ሌባ ልትይዝ ነው። ሠራተኛው ሁሉ እትዬ የሚላት ይህች ሴት የቦርሳ ማምረቻ አላት፤ ወንድሟ ደግሞ ቆዳ ቆራጯ ነው። ቆዳን ከመጋዘን እስከ ሽያጭ የሚከታተል ሲስተም ካስገባች ወዲህ የሱ ስም ለብዙ ሳምንት በቀይ ወጥቷል። የወሰደው ቆዳና የወጣው ቦርሳ አልገጥም አለ። የእናቷ ልጅ ነውና ብታልፈው ደስ ባላት፤ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እሱን ሥራ ላይ ትታ መጣች።

በሩን ሚስቱ ከፈተች። "ውይ፣ እትዬ! ምነው፣ በደህና ነው?"

"በደህና ነው። በዚህ ሳልፍ ልያችሁ ብዬ ነው።"

ዓይኗ ከእግሯ ቀድሞ ወጥ ቤት ገባ። ግድግዳው ላይ ቦርሳዎች ተደርድረው ተንጠልጥለዋል፤ ቆዳው የሷ ነው። ደሟ ፈላ። አንዱን ብታወርደው ማንገቻው የተንሻፈፈ፣ አፉ የማይዘጋ፣ ሆዱ ሽንኩርት የታጨቀበት ሆኖ አገኘችው።

"ይሄን ለማን ነው የሚሸጠው?"

"ማን እብድ ይገዛዋል?" ሚስትየዋ ሳቀች። "ሲሞክር የተበላሹበት ናቸው። ሰው እንዳይስቅበት እዚህ ያመጣቸዋል። ያ የተወደደላችሁ ተጣጣፊ ቦርሳ እንኳ ስንቱን ቆዳ ከበላ በኋላ ነው የተሳካው።"

እትዬ አፈረች። ያ ሞዴል እንዲያው ቁጭ ብሎ የመጣለት ይመስላት ነበር።

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

"ምን ብሎ? ሲስተሙ 'የተሸጠ' እና 'የጠፋ' እንጂ 'የተሞከረ' አያውቅም አለኝ። ስሙን በቀይ ሰው ሁሉ ካየው ወዲያ መሞከሩን ትቶታል።"

ደንበኞቿ አዲስ ሞዴል እየጠበቁ ነው። አንድ እንኳ እንደሌላት ገና አሁን ገባት። ሲስተሙን ያስገባችው ድርጅቷ እንዲያድግ ነበር፤ ግን የሚያሳድገውን እጅ አሰረባት።

ወደ ሥራ ቦታው ተመልሳ ከመጋዘኑ ምርጡን ቆዳ አወጣችና ወንድሟ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

"ሞክርበት።"

ወንድሟ አልነካውም። ጣራው ላይ ያለውን ካሜራ ቀና ብሎ አየ። "ደግሞ በዚህ ልትይዢኝ ነው፣ እትዬ?"

የጠረጠረችው ሰው መልሶ ሲጠረጥራት እንዲህ ያማል ብላ አላሰበችም። ስልኳን አውጥታ፣ እሱ እያየ፣ ቆዳውን 'የጠፋ' ከሚለው ውስጥ አስገባችው። ሲስተሙ ያጠፋው ማን እንደሆነ ጠየቃት። የራሷን ስም ጻፈች።